ወንበሩ የሞቀበት ቤት አይለቀስም

መጀመሪያ የሰማሁት ሲጢጥታውን ነው። በሩን ገና አላንኳኳሁም፤ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ከውስጥ አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር ሲጢጥ አለ። ሰው ሁለት እጁን ማሳረፊያው ላይ ጭኖ፣ ጉልበቱን እያስታመመ ሲነሣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ሦስት እርምጃ። ከዚያ ዝም።

አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ከጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ቆይተው ነው የመጡት፤ የሳሙናው አረፋ ገና ከክንዳቸው አልወረደም። በትከሻቸው አሻግሬ አየሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንዲት ዱካ፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ባለ ማሳረፊያ ወንበር። ሰው የለም።

«ማን ነው አሁን የተነሣው?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛ ቀን የለውም ይባላል።

«አዲሱ አሟቂ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግርህን ጥረግና ግባ። ወንበሩ ያውልህ።»

ጠርጌ ገባሁ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሞቃት ነበር።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ላስረዳ፤ የሌላ አገር ሰው ላይገባው ይችላል። በዚያ ከተማ ሰው አይጠፋም። ይህ ሕግ ነው። ሕጉም የተወሰደው ከስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ሁላችንም በአንድ ድምፅ እየጮኽን የሸመደድነው ነው፦ ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። ታዲያ አንድ ዘመን ላይ ሰዎች ከሥራ ወጥተው ቤታቸው አለመድረስ ጀመሩ። ቤተሰብ «ሰው ጠፋብን» ብሎ አቤት ሲል፣ ሹማምንቱ መጽሐፉን ገልጠው ገጹን ያሳዩ ነበር። ምንም አይጠፋም። አንዲት አሮጊት ግን ገጹን ካዩ በኋላም «እሺ፣ ልጄ ታዲያ የት አለ?» ብለው ድርቅ አሉ። አንዱ ሹም ከእሳቸው ጋር ቤታቸው ድረስ ሄደና የልጁን ወንበር በመዳፉ ዳበሰ።

«ይኸው ሞቃት ነው» አላቸው። «ሙቀት ከሜዳ አይመጣም፣ እናቴ። ሞቃት መቀመጫ ካለ ተቀማጭ አለ።»

አሮጊቷ በዚያን ዕለት ጠዋት ራሳቸው ተቀምጠውበት ነበር ይባላል። ቢሆንም ንግግሩ ስላማረ ሕግ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ የሞቀ ሰው አለ ማለት ነው። ላለ ሰው ደግሞ አይለቀስም። ወንበሩ የሞቀበት ቤት ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል አይገባም። ጎረቤት ሲመጣ ወደ ወንበሩ ዞሮ «እንደምን ዋሉ» ይላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው እኛ አሟቂዎቹ መልስ መስጠት አይፈቀድልንም። ማሳል ይፈቀዳል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለሥራው ተወዳደርኩ። ፈተናው ቀላል ነው፤ መዳፍህ ላይ ባቄላ የምታህል ሰም ያኖሩብሃል፣ ቀድሞ ያቀለጠ ያልፋል። የሌሎቹ ሰም ገና ሲለሰልስ የእኔው ውሃ ሆኖ በጣቶቼ መሀል ወረደ። «ይሄ ልጅ ምድጃ ነው» አሉ። ብቻዬን መኖሬንም ወደዱት። ወሬ የማያበዛ፣ ቁጭ ብሎ ማለም የሚወድ ሰው ሙቀት አያባክንም ብለው ያምናሉ።

በየማለዳው አሟቂዎች በሙሉ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ምሥራቅን የሚያየው ግንብ ላይ ጀርባችንን ለጥፈን ፀሐይ እንሞቃለን። ይህም ደንብ ነው፤ የምንሰጠውን ከየት እናመጣለን? እዚያ ነው ከታፈሰ ጋር የተዋወቅነው። ታፈሰ የሚያሞቀው የአንድ የጠፉ፣ ይቅርታ፣ የአንድ ያሉ ብረት ሠሪ ወንበር ነው። ሰውየው ወንበራቸውንም ከብረት ነበር የሠሩት።

«አንተ እንኳን እንጨት ደርሶሃል» አለኝ ዐይኑን ከፀሐይ ከልሎ። «እንጨት ሰው ነው። የሰጠኸውን ይይዝልሃል። ብረት ግን ከሃዲ ነው፤ በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው ይበትናል።»

«ታዲያ እንዴት ቻልከው?»

ግራ ቀኙን አየ። «ለማንም እንዳትተነፍስ። እኔ ከረፋድ እስከ ቀትር ካርታ ስጫወት ነው የምውለው።»

«ወንበሩስ?»

«ስመለስ ትኩስ ነው።»

«ብረቱ?»

«ብረቱ!» ብሎ ሳቀ። «ምን አውቄ፣ ዳምጠው። ጥሩ ብረት ነው መሰለኝ።»

እኔም ሳቅሁ። የእኔም ወንበር ሁልጊዜ ከመቀመጤ በፊት ሞቃት መሆኑን ግን አልነገርኩትም። የቤቱ እመቤት እትዬ ይመኙሻል እኔ እስክደርስ ተቀምጠውበት ይቆያሉ ብዬ ነበር የማስበው። ሚስት ጧት ለባሏ ወንበር ብታዝን ምን ይገርማል።

የማን ወንበር እንደሆነ ደብዳቤው ላይ ደጋግሜ ነበር ያነበብኩት። መምህር ገብረየስ ዘጠነኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጠመኔ በያዙበት እጅ አገጫቸውን እየነኩ አገጫቸው ሁልጊዜ ነጭ የሚሆን። አንድ ቀን በብርጭቆ የፈላ ውሃ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቴርሞሜትር ነከሩበት። «ሰማንያ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው ምንም አልተናገሩም። «ብርጭቆውን ማንም እንዳይነካው» ብለው ወጡ።

በማግሥቱ እንደገና ለኩት።

«ሃያ ሁለት። የክፍሉም አየር ሃያ ሁለት ነው። ሙቀቱ የት ሄደ?»

«አልጠፋም!» ብለን ጮኽን፤ መጽሐፉን እናውቀዋለና።

«አልጠፋም» አሉ። «አየሩ ውስጥ አለ። ግድግዳው ውስጥ አለ። እናንተም ላይ ትንሽ ትንሽ ደርሷችኋል። እሺ፣ ከእናንተ ውስጥ እሱን ለቃቅሞ ወደ ብርጭቆው የሚመልስልኝ ማን ነው?»

ከኋላ አንዱ «እሳት እናንድድበት?» አለ፤ ሳቅን።

«እሱ ሌላ ሙቀት ነው፣ ልጄ። እኔ የጠየቅኩት የትናንቱን ነው።» አገጫቸውን በጠመኔው ነኩ። «መጽሐፉ የማይነግራችሁ ይህን ነው። አለመጥፋትና መመለስ አንድ አይደሉም።»

በሦስተኛው ቀን አልመጡም። በአራተኛው ቀን ርእሰ መምህሩ ገብተው መምህር ገብረየስ ቤታቸው እንዳሉና ወንበራቸው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ እንደሆነ ነገሩን። አጨበጨብን። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ውሃው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሄዶ አንድ ቀን ደረቀ። እሱንም አልጠፋም አልን።

እንግዲህ በእኒያ ሰውዬ ወንበር ላይ ነበር የምውለው።

ለኪው አቶ ጥጋቡ በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከብቶች ሲገቡ። ቴርሞሜትሩን እንደ ጩቤ በቆዳ አፎት ከወገቡ ጋር ያስራል። እሱ ሲገባ እኔ እነሣለሁ። መለኪያውን መቀመጫው ላይ አጋድሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል፣ ከዚያ ቀና ይላል።

«ሠላሳ ሰባት። መምህር ደኅና ናቸው።»

እትዬ ይመኙሻል መጥረጋቸውን ይቀጥላሉ።

«ደስ ሊልዎት ይገባል፣ ወይዘሮ ይመኙሻል» ይላል እሱ፣ እውነቱን ነው፣ ከልቡ ነው። «የእኔም ታናሽ ወንድም ወንበር ሠላሳ ሰባት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ዝቅ ብሎ አያውቅም።»

የተማርኩትን ብጠቀምበት ኖሮ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አሟቂው ሠላሳ ሰባት ከሆነ፣ በሱሪ በኩል የሚሞቅ እንጨት ዝቅ ማለት አለበት፤ ሠላሳ ሁለት፣ ቢበዛ ሠላሳ ሦስት። ሙቀት መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። በከተማው ያሉ ወንበሮች በሙሉ ግን ሠላሳ ሰባት ነበሩ። እኛም ጎበዝ ሠራተኞች ነን ብለን አመንን።

እትዬ ይመኙሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ዕቃ ነበር የሚያዩኝ። ሲጠርጉ «እግር» ይላሉ፤ አነሣለሁ፤ ከሥሬ ጠርገው ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ብርዳም ቀን፣ ሳልጠይቃቸው፣ በጣሳ የአጃ ሙቅ ሰጡኝ።

«ከንፈርህ ጠቁሯል» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ።»

«የመምህርም ተማሪ ነበርክ አሉ።»

«ዘጠነኛ ክፍል።»

«ያ ብርጭቆ የእኔ ነበር» አሉ። «ስድስት ነበሩ፤ አሁን አምስት ናቸው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማውራት ጀመርን። አንድ ቀን ሣጥኑን ከፈቱና አንድ ጥቁር ቀሚስ አወጡ፤ የተሰፋ፣ ያልተለበሰ።

«ሦስት ዓመት አልፎታል። ብል እንዳይበላው በየወሩ አሰጣዋለሁ። ጎረቤት ‹ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?› ሲለኝ፣ መጋረጃ ነው እላለሁ።» ቀሚሱን እጃቸው ላይ አደረጉት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁልጊዜም ይንቀጠቀጣል። «እየው። ልቅሶም እኮ እንደ ሌላው ነገር ነው፣ ልጄ። ስላላወጡት አይጠፋም። መልኩን ይለውጣል። የእኔው እጄ ውስጥ ገባ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ቀን አትቀመጥ።»

በሩ መዘጋቱን ዞሬ አየሁ።

«አንዲት ልኬት ናት። ቀዝቅዞ ከተገኘ፣ ወጥተዋል ይባላል። ድንኳን እተክላለሁ። አለቅሳለሁ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ጊዜ፣ ሰው እየሰማኝ፣ ማልቀስ።»

እሳቸው የጠየቁኝ ይህን ነው፤ እኔ የፈራሁትንም መናገር አለብኝ። ከእኔ በፊት በሌላ ቤት ዘርጋው የሚባል አሟቂ ነበር፤ አንዲት እናት ለምነውት ወንበሩን አቀዘቀዘው። በሳምንቱ በዘርጋው እናት ቤት የዘርጋውን ዱካ የሚያሞቅ ሌላ ሰው ተመደበ። ዱካው ሠላሳ ሰባት ነው፤ ዘርጋው ደኅና ነው። እኔ ቤት ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ እግሩ አጭር ነው። ማን ይመደብበት ይሆን፣ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጥፎ ማስገባት ያውቅ ይሆን እያልኩ ብዙ ቀን አሰብኩ።

«አልችልም፣ እትዬ» አልኳቸው። ሁለተኛም ጠየቁኝ፤ ሁለተኛም አልችልም አልኩ። አልተቆጡም። የአጃ ሙቁንም አላቋረጡብኝም።

ሌላም ነገር ነበር። አንድ ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ለጨዋታ ያህል፣ መዳፌ ላይ ሰም አኖርኩ። ድንጋይ ላይ እንዳለ ሆነ። ብጠብቅ ብጠብቅ ጥግ ጥጉ እንኳ አልለሰለሰም። በማግሥቱ ግንቡ ሥር ታፈሰን ጨበጥኩት።

«እጅህ በረዶ ነው» አለኝ።

«ያንተም።»

«የእኔማ ብረት ነው የጎዳኝ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አቆምንና ፀሐይዋን አየን። የዚያን ቀን ካርታ ለመጫወት አልሄደም።

ሦስተኛውን ጊዜ እትዬ ይመኙሻል አልጠየቁኝም። የማስጫ ቀናቸው ነበር። አቶ ጥጋቡ የጠዋቱን ልኬት ለክቶ እንደወጣ ቀሚሱን ከሣጥኑ አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ደረቱ ላይ አተር የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን አስገቡባትና በወዲያኛው በኩል ሲያወጡ እኔን አዩኝ።

«ብል ቀደመኝ» አሉ።

ተነሣሁ።

መነሣቴን ያወቅሁት ቆሜ ራሴን ሳገኘው ነው። ከወንበሩ ራቅሁና ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። እትዬ ይመኙሻል ቀሚሱን አልጋው ላይ ጥለው መስኮቱን ከፈቱ፣ በሩንም ገርበብ አደረጉ፣ ነፋሱ እንዲያልፍ።

«በስንት ደቂቃ ይቀዘቅዛል?»

«ሩብ ሰዓት፣ እትዬ። እንጨት ስለሆነ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት።»

ሩብ ሰዓት ቆየን። ነካሁት፤ ሞቃት ነው። ግማሽ ሰዓት ቆየን። ሞቃት ነው። ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። መዳፌን አሳረፍኩበትና ያኔ ገባኝ። ሙቀቱ ከወንበሩ ወደ እጄ ነበር የሚመጣው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው፤ ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ግን የትኛችን የሞቅን፣ የትኛችን የቀዘቀዝን እንደሆንን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጠዋት ጠዋት እኔ ከመምጣቴ በፊት የሚቀመጡበት እርስዎ አይደሉም?»

ዞረው አዩኝ። «እኔ? እኔ እሳቸው ከወጡ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

«ይሞቅ ነበር እኮ። ሁልጊዜ።»

«እኔማ አንተ ማልደህ የምትመጣ መስሎኝ። ጓሮ ሆኜ ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ፤ ይሄ ልጅ ዛሬም ቀደመ እላለሁ።»

ሁለታችንም ወንበሩን አየነው። ነፋሱ መጋረጃውን ያንቀሳቅስ ነበር።

እትዬ ይመኙሻል የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥማቸው ሥራ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ወደ ጓሮ ወጥተው አንድ ነጭ አንሶላ ውሃ ነክረው መጡ። «የውሃ እንስራ እርጥብ ጆንያ ሲለብስ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አሉ። «ውሃው ሲተን ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል አሉኝ። እንግዲህ ይሂድ።» አንሶላውን መቀመጫው ላይ፣ መደገፊያው ላይ፣ እጅ ማሳረፊያዎቹ ላይ አለበሱት። እርጥቡ ጨርቅ ግራጫ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ዱካዋን ስበው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ።

መድረቅ የጀመረው መቀመጫው ላይ ነው፤ ሁለት ረዘም ያሉ ነጫጭ መስመሮች፣ ጎን ለጎን፣ ከጉልበት እስከ ዳሌ የሚሆኑ። ሌላው ገና እርጥብ ነው። ቀጥሎ መደገፊያው ላይ ሰፊ ነጭ ነገር ወጣ፤ ላዩ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ። ከዚያ በቀኙ ማሳረፊያ ላይ እንደ ጣት የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች መውጣት ጀመሩ። የደረቀውን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሦስት ላይ ስደርስ ተውኩት።

እትዬ ይመኙሻል አልጮኹም። ዐይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «አንተ ልጅ» አሉኝ። «ዓመት ሙሉ ጭናቸው ላይ ነበር የተቀመጥከው።»

ቀትር ላይ አቶ ጥጋቡ ሳል ብሎ ገባ። አንሶላውን አየ፤ የልብስ ማስጫ አደረጋችሁት ሊል ይመስል ፈገግ አለ። ጠርዙን ገልጦ መለኪያውን አጋደመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ሠላሳ ሰባት። መምህር ደኅና ናቸው።» ከዚያ እኔን ግድግዳው ጋ አየኝ። «ከተነሣህ ስንት ደቂቃህ ነው?»

«ጠዋት እርስዎ እንደወጡ ነው የተነሣሁት፣ ጌታዬ።»

ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ። «ና ወዲህ» አለኝ። መለኪያውን በሸሚዙ ጠርጎ ብብቴ ውስጥ አደረገው። ቆጠረ። አወጣው። እንደገና ጠርጎ አገባው። እንደገና ቆጠረ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የቤቱን አየር የሚለካውን መለኪያ ቀና ብሎ አየ። እሱም አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«ደኅና ነህ ግን?»

«ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ።»

አቶ ጥጋቡ በዚያ ሁሉ ዓመት ወንበርን በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ለኪ በመሣሪያ እንጂ በእጅ አይፈርድም። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ መዳፉን በአንሶላው ላይ፣ በነጩ ላይ አሳረፈ። እንደተቃጠለ ሰው አነሣው። «የወንድሜ ወንበርም…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ስም ልሰጠው አልችልም። ሰባት ዓመት የተደሰተበትን ነገር እንደገና ሊያስብበት የጀመረ ሰው ፊት ነበር።

እትዬ ይመኙሻል ከዱካዋ ሳይነሡ ወደ ወንበሩ ዘንበል አሉ።

«ገብረየስ» አሉ።

ባላቸውን «አንተ» ሲሏቸው ሰምቼ አላውቅም። መምህር ነበር የሚሏቸው፣ እሳቸው ነበር የሚሏቸው።

«ገብረየስ፣ ተነሥ። ይበቃል። አንተ ተቀምጠህ፣ እኔ ጠብቄ፣ አንዘልቀውም። እየጠበቅኩህ መሆኔን አይተህ እንደሆነ የቀረኸው፣ ይኸው፣ ተውኩት። ተነሥ።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ያ የመጀመሪያ ቀን ድምፅ ነው፤ ሁለት እጅ ማሳረፊያው ላይ፣ ጉልበትን እያስታመሙ። አንሶላው መሀሉ ላይ ትንሽ ረገበ። ሦስት እርምጃ ሰማሁ። እርምጃዎቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

መለኪያውን ወንበሩ ላይ ያኖረው አቶ ጥጋቡ ራሱ ነው፤ እጁ ከልማዱ ሌላ አያውቅማ። ማንበብም ከልማዱ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሠላሳ ሦስት» አለ። «ሃያ ስምንት። ሃያ ሦስት።» እንጨት እንዲያ አይቸኩልም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። «አሥራ ዘጠኝ።» ቀና አለ። በዚያ ከተማ ከዘርጋው ወዲህ ያልተሰማ ቃል ወጣው።

«ቀዝቅዟል።»

መለኪያውን ከመቀመጫው አነሣ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ማልቀስ ይችላሉ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል። ፈቃዱን ዛሬውኑ እጽፍልዎታለሁ። ድንኳኑንም…»

እትዬ ይመኙሻል ተነሡ። እጃቸውን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። አንሶላውን ገፈው አጥፈው ሣጥኑ ላይ አኖሩት። ጥቁሩን ቀሚስ ከአልጋው አንሥተው ቀዳዳዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፣ ከዚያ አልለበሱትም። ወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ትከሻ ላይ እንደሚጣል ጋቢ፣ ጣል አደረጉት። ነጠላቸውን ተከናነቡ። ጫማቸውን አጠለቁ። ወደ በሩ፣ እርምጃው ወደ ቆመበት፣ ሄዱ።

«እትዬ፣ ወዴት?» አልኳቸው።

ወጡ። በሩን አልዘጉትም።

መስኮቱ ጋ ደርሼ ስመለከት መንገዱ ላይ ከአንዲት የታሰረች ፍየል በቀር ማንም አልነበረም። ዞር ስል አቶ ጥጋቡ እሳቸው የተነሡባትን ዱካ እያየ ነበር። እኔም አየኋት። ደንቡን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ሰው ተነሥቶ ከወጣ፣ መቀመጫው ሳይቀዘቅዝ የሚቀመጥበት ይፈለጋል። አቶ ጥጋቡ አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔ አየ፣ ዘጋው። መለኪያውን ቀስ ብሎ ወደ አፎቱ ከተተ።

ዱካዋ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ለብ ያለች ነበረች። እጄን አነሣሁ።

እዚያው ቆመን እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን። ማናችንም አልተቀመጥንባትም።